ትንሹና ትልቁ ካራቫን፦ በወሎ ዳገትና ቁልቁለት የተደረገ ንጽጽር

ካራቫን ስል ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው ጭኖ የሚመላለሰውን ሚኒባስ ማለቴ አይደለም፤ በመኪና እየተጎተተ የሚሄደውን፣ በውስጡ አልጋና ማብሰያ ያለውን ተሳቢ ቤት ማለቴ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ በድንጋይ ተደግፎ የመሐንዲሶች ማደሪያ ሲሆን ነው፤ ለሽርሽር ጎትቶት የሚሄድ ሰው በአካባቢያችን ገና ብርቅ ነው። ከቤት ውጭ ማደሩ ግን ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣው ምእመንም ሆነ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚተመው ሕዝብ ሸራ ወጥሮና ስንቅ ቋጥሮ ማደርን ከአያቶቹ ወርሶታል። አዲሱ ነገር ቤቱን አብሮ መጎተቱ ነው፤ እናቴም ተሳቢውን መጀመሪያ ያየች ዕለት፣ “ከቤት ለመውጣት ቤት መጎተት ደግሞ ምን የሚሉት ነው?” ብላ ስቃብናለች።

በዚህ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ሁለት ካራቫኖችን በተከታታይ፣ በአንድ መኪናና በአንድ ቤተሰብ፣ በከፊልም በአንድ መንገድ ለመሞከር ዕድል አገኘን። የመጀመሪያው ወንድሜ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ብየዳ ቤት ያሠራው ትንሽ ተሳቢ ነው፤ ሻንሲው በቱቦላሬ የተበየደ፣ ውጩ ላሜራ፣ ውስጡ ኮምፔንሳቶ የሆነ፣ በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) እና በሁለት ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ። ሁለተኛው ከውጭ አገር የመጣ፣ ቀድሞ የአንድ ፕሮጀክት ማደሪያ የነበረና አሁን ባለቤቱ የሚያከራየው ባለሁለት አክስል ትልቅ ካራቫን ነው። ጎታቹ ባለ4.2 ሊትር፣ ባለስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው አሮጌ ላንድክሩዘር ሲሆን፣ ተጓዦቹ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ ነበርን። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ፣ በእንዲህ ያለ መንገድ፣ የትኛው መጠን ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ ትንሹ ይሻላል። እናቴ በዚህ ፍርድ አትስማማም፤ ወደ እርሷ ሐሳብ በኋላ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ርዝመት መነጋገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ካራቫን ሲሸጥም ሆነ ሲከራይ የሚጠራው ቁጥር ሁልጊዜ አንድን ነገር አያመለክትም። አንዱ ከመጎተቻው ጫፍ እስከ ኋላው ፓራውልት ለክቶ ይናገራል፣ ሌላው ሳጥኑን ብቻ ይለካል፤ በሁለቱ መካከል ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ልዩነት ሊኖር ይችላል። የትንሹ ሳጥን 3 ሜትር ከ50 ሲሆን ከነመጎተቻው 4 ሜትር ከ60 ነው፣ ወርዱም 1 ሜትር ከ90። የትልቁ ሳጥን 6 ሜትር፣ ከነመጎተቻው 7 ሜትር ከ20፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ40 ነው። መንገድ ላይ የሚያስቸግረው ረጅሙ ልክ፣ ውስጡ ገብቶ ለሚኖር ሰው የሚጠቅመው አጭሩ ልክ ስለሆነ፣ ሜትር ይዞ ሄዶ ሁለቱንም ራስ መለካት ይበጃል።

“ስንት ሰው ያስተኛል?” ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ትልቁ ስድስት ሰው ያስተኛል ተብሎ ተከራየነው፤ ስድስቱ የሚሞሉት ግን የመመገቢያው ጠረጴዛ ዝቅ ብሎ አልጋ ሲሆንና ሶፋው ሲዘረጋ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው እስኪነሣ ድረስ ለሌሎቹ ቁርስ የሚቀርብበት ስፍራ የለም። ትንሹ ለአራት ሰው ነው ይባላል፤ እኔ ሁለት ዐዋቂና ሁለት ሕፃናት ብዬ አርመዋለሁ። እናቴ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ውስጥ ሲያድሩ እኔ ከጎን በተተከለ ድንኳን ውስጥ አድሬያለሁ፣ ቅሬታም የለኝም።

ይሁንና በወሎ ምድር ከርዝመትም ከአልጋ ብዛትም በፊት የሚጠየቀው ክብደት ነው። ሁለቱንም ስንቃችንን፣ ውሃችንንና ፍራሻችንን ከጫንን በኋላ በጭነት መኪና ሚዛን አስመዘንናቸው፤ ትንሹ 880 ኪሎ፣ ትልቁ 2,400 ኪሎ ሆኑ። ባዷቸውን ሲሆኑ ትንሹ 620፣ ትልቁ 1,800 ኪሎ ነበሩ፤ ስለዚህ የባዶውን ክብደት ብቻ አይቶ “መኪናዬ ይጎትተዋል” ማለት ያሳስታል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን የዘነጋ ሰው ባለ100 ሊትሩን የውሃ ታንከር ሲሞላ አንድ ኩንታል መጫኑ አይታወቀውም።

ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ አየሩ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በግምት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አንድ አሥረኛውን ያጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ መኪናችን ወደ ከተማዋ የሚገባው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ትቶ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ያስወጣል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰውም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ትንሹን ጎትተን አብዛኛውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው። ትልቁን ጎትተን ግን በሁለተኛ፣ አንዳንዱ መታጠፊያ ላይም በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ሲጠጋ ሁለት ጊዜ ቆመን ሞተሩን እያቀዘቀዝን፣ ከኋላችን የተሰለፉት የጭነት መኪናዎች ክላክስ እያጀበን ነው ደሴ የደረስነው።

ዳገቱ ጊዜ ያስፈጃል፤ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ትንሹ ተሳቢ፣ መኪናው ሲገታ ወደ ፊት በሚገፋበት ኃይል ራሱ የሚይዝ ፍሬን አለው፤ አሠራሩ ቀላል ነው፣ በማንኛውም ጋራዥ ይጠገናል። ትልቁን ያከራየን ሰው “ፍሬን አለው” ብሎን ነበር፣ አልዋሸንምም። ነገር ግን ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ፍሬን ከሾፌሩ አጠገብ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ከሌለው ምንም አይዝም፣ ያ መቆጣጠሪያ ደግሞ ቀድሞ ሲጎትተው ከነበረው መኪና ጋር ቀርቷል። ይህን የተረዳነው ከሐይቅ ከተማ ተመልሰን ሐረጎን ስንወርድ ነው። 2,400 ኪሎ ከኋላ እየገፋ፣ ሁሉን የሚሸከመው የላንድክሩዘሩ ፍሬን ብቻ ሆነ። ገና ከላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ በሞተሩ እየገታሁ ባልጀምር ኖሮ፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ያገኘነው በፍሬን ሸራ ሽታ ብቻ ባልቀረ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፤ እንደ ሐረጎ ያለ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ልኩ ከዚያም ዝቅ ቢል አልቃወምም። ካራቫን የሚከራይ ሰው ፍሬን እንዳለው ከመጠየቅ አልፎ፣ ከመኪናው ጋር አያይዞ በሜዳ ላይ ሲይዝ በዓይኑ ማየት አለበት።

ከክብደት ጋር ተያይዞ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። የተሳቢው ክብደት በሙሉ በራሱ ጎማ ላይ አያርፍም፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመኪናው ጋንቾ (ተሳቢው በሚያያዝበት መንጠቆ) ላይ መጫን ይኖርበታል። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከዚያ ከበለጠ የመኪናውን የኋላ ባሌስትራ ያጎብጥና የፊት ጎማዎቹን ስለሚያቀል መሪው መንገድ አልይዝ ይላል። ለትልቁ ይህ ልክ ከ240 እስከ 360 ኪሎ ነው፤ ሦስት ኩንታል ጤፍ ከመኪናው ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል እንደማለት ነው። ለትንሹ ከ88 እስከ 132 ኪሎ ይበቃል። ለመለካት የተለየ መሣሪያ አላስፈለገንም። ከሰፈራችን እህል መደብር የኩንታል መመዘኛውን ተውሰን፣ የትንሹን ተሳቢ አንገት በእንጨት ደግፈን ሚዛኑ ላይ አሳረፍነው፤ 60 ኪሎ ብቻ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ድስቱን፣ ጀሪካኑንና የእናቴን የቡና ዕቃ አንድ ሳናስቀር ከአክስሉ በስተ ኋላ አጭቀነው ነበር። ባለ20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ውሃ ከኋላ አንሥተን ፊት ላይ ስናስቀምጥ 93 ኪሎ ደረሰ። ከዚያ በኋላ እስከ ላሊበላ ድረስ አንድም ጊዜ አልተወዛወዘም።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዋናው አስፋልት ላይ ስለምትገኝ ሁለቱም ካራቫኖች እዚያ ድረስ ያለ ችግር ደርሰዋል። ልዩነቱ የጀመረው ከአስፋልቱ ስንወጣ፣ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በምንወጣበት የጠጠር መንገድ ላይ ነው። ረጅም ተሳቢ ሲታጠፍ ጎማው የመኪናውን ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጠኛው ጥግ ይቆርጣል፤ የውስጡ ጥግ ቦይ ከሆነ ደግሞ ወዳጅ የለህም። ትልቁን ይዘን ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቆመን፣ ባለቤቴ በአንድ ወገን፣ ልጆቹ በሌላው ወገን ሆነው “ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ” እያሉኝ 300 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ለመመለስ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። አርዲቦን በትልቁ አላየነውም።

በሚቀጥለው ወር በትንሹ ደረስንበት። በእርግጥ አጭር ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ ከረጅሙ ይልቅ ቶሎ እንደሚታጠፍ፣ በዚህም ለጀማሪ ሾፌር ከትልቁ የበለጠ እንደሚያስቸግር መደበቅ አይገባም፤ እኔም አንድ ጊዜ የኋላ መብራቱን ከድንጋይ ካብ ጋር አጋጭቼዋለሁ። ሆኖም መዞሪያ ሲጠፋ ከጋንቾው ፈትተን ሦስት ሰው ሆነን በእጃችን አዞርነው። ሰኞ ዕለት ወደ ባቲ ስንወርድም ይኸው ጥቅሙ ታየን፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ግመሉ፣ ፍየሉና ባጃጁ ከመንገዱ እኩሌታውን ይዘውታል፣ በዚያ መሐል 2 ሜትር ከ40 የሚሰፋ ሳጥን ይዞ መግባት ከገበያተኛው ጋር ጠብ መፈለግ ነው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ፤ በቅድሚያ ልናገር የሚገባኝም በውስጡ ያሳለፍነው ጊዜ ካሰብነው እጅግ ያነሰ መሆኑን ነው። ከመነሣታችን በፊት ያሳሰበኝ “አምስት ሰው ቀኑን ሙሉ በ3 ሜትር ከ50 ውስጥ እንዴት ይውላል?” የሚለው ነበር። መልሱ አይውልም ነው። ትልቁን ይዘን ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር ባደርንበት የመጀመሪያ ጠዋት፣ እናቴ ቡና ልታፈላ ስትነሣ ከሰል ምድጃውን ወደ ውስጥ እንዳታስገባ ለመንኳት፤ በዝግ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም ሳይኖረው ይገድላል፣ ካራቫን ደግሞ ከቤት ይልቅ ጠባብና ድፍን ነው። ስለዚህ ረከቦቱ ከበሩ ውጭ፣ በሸራው ጥላ ሥር ተዘረጋ። አቦሉ ሳይቀዳ ከመንደሩ አንድ አባት መጡ፣ ቶናው ላይ ጎረቤታቸው ተጨመሩ፣ በረካው ላይ ስንት እንደሆንን አልቆጠርኩም። እኚያ አባት ትልቁን ካራቫን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ “አብሽሩ ልጆቼ፣ ይህን የሚያህል ቤት ጎትታችሁ አምጥታችሁ ውጭ ልትቀመጡ ነው?” ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። እውነታቸውን ነው። የእኛ የሽርሽር ኑሮ እንግዳ በሚቀበለው በር ላይ እንጂ በር በተዘጋበት ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ ለሳጥኑ አንድ ሜትር ከመጨመር ይልቅ ለሸራው ጥላ አንድ ሜትር መጨመር ይጠቅማል። የትንሹ ጥላ 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ50 ነው፤ እንደ እኔ ይህም አንሷል።

ብርዱን በተመለከተ ሁለቱም የየራሳቸው እንከን አለባቸው። ትንሹን ይዘን ከወልዲያ የድልብን ዳገት ወጥተን ጋሸና ስናድር፣ ሌሊቱ ለውርጭ የቀረበ ነበር። ጠባቡ ክፍል በአራት ሰው ትንፋሽ ቶሎ ይሞቃል፤ ያው ትንፋሽ ግን ቀዝቃዛውን ላሜራ ሲነካ ውሃ ይሆንና ንጋት ላይ ፍራሹ ላይ ይንጠባጠባል። ጥፋቱ የመጠኑ አይደለም። ብየዳ ቤቱ በላሜራውና በኮምፔንሳቶው መካከል ምንም አላስገባም፤ ዕቃ የሚታሸግበት ነጭ ፎም እንኳ ቢኖር ብዙ ይለውጥ ነበር። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፍቶ ማደር ጠብታውን ቢቀንስም ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል። ትልቁ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ አያንጠባጥብም፤ ነገር ግን የሰው ትንፋሽ የማያሞቀው አዳራሽ ነው፣ ሐይቅ ዳር ባደርንባቸው ሦስት ሌሊቶች ልጆቹ ጋቢ ደርበው ነው የተኙት።

እናቴ ትልቁን የመረጠችበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ሁለቱም ሊናቁ አይገባም። አንደኛው መጸዳጃ ነው። ትልቁ በውስጡ መጸዳጃ ስላለው ሌሊት መውጣት አያስፈልጋትም፤ በትንሹ ግን “እኔ ሽማግሌዋ በጨለማ ልጅ ቀስቅሼ፣ ፋኖስ አስይዤ ልውጣ?” ብላለች፤ እኔም የምከራከርበት አፍ የለኝም። ሁለተኛው ቁመት ነው። የትንሹ የውስጥ ቁመት 1 ሜትር ከ80 ስለሆነ እኔ አጎንብሼ እገባለሁ፣ እርሷ ደግሞ ነጠላዋን አስተካክላ ለመልበስ እጇን ስታነሣ ጣሪያውን ትነካለች። አዛውንት ይዞ፣ አንድ ቦታ ቆሞ፣ አንድ ወር ለመቀመጥ ለሚያስብ ሰው ትልቁ ተገቢ ነው፤ ለምሳሌ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በአስፋልቱ እስከ ሐይቅ ዳር ሄዶ፣ እዚያው ተክሎት ለሚከርም ቤተሰብ የምመክረው እርሱን ነው፣ የኤሌክትሪክ ፍሬኑ መሥራቱ ከተረጋገጠ። እኛ ግን አንድ ሌሊት እዚህ፣ ሁለት ሌሊት እዚያ የምንል ሰዎች ነን፤ ለእኛ በየማለዳው አራት የማረፊያ ክሪክ እያነሡ መንቀሳቀስ ሽርሽር መሆኑ ያበቃል።

ነዳጁን በተመለከተ በመዝገቤ ያሰፈርኩት ይህ ነው፤ መኪናው ብቻውን በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ናፍጣ ሲጠጣ፣ ከትንሹ ጋር 16፣ ከትልቁ ጋር 23 ሊትር ጠጥቷል። ወቅቱ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ በልግ ሲገባ ጥቁር አፈሩ ትንሹንም ቢሆን ይውጠዋል። ከአስፋልት ከመውጣት በፊት የመንገዱን ሁኔታና ሰላም ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ለሁለቱም እኩል ያስፈልጋል።

ወንድሜ ሁለተኛ ካራቫን ሊያሠራ ስለሆነ ከዚህ ጉዞ ያገኘነውን ልክ በወረቀት አስፍረን ለብየዳ ቤቱ ሰጥተናል። ሳጥኑ 3 ሜትር ከ80 ይሆናል፤ የተጨመረችው 30 ሳንቲ ሜትር ለእናቴ በመጋረጃ የተከለለ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ የምትቀመጥባት ናት። የውስጥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ይደርሳል፣ በላሜራውና በኮምፔንሳቶው መካከል ፎም ይገባል፣ የሸራው ጥላ 4 ሜትር ይሆናል፣ ተጭኖ ሲመዘንም ከ1,000 ኪሎ እንዳያልፍ ተስማምተናል። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ወርዱን ወደ 2 ሜትር ከ20 ካላሰፋነው ብሎ እስካሁን ይከራከረናል፤ እኔ ግን 1 ሜትር ከ90 ላይ ቆሜያለሁ፣ ምክንያቱም ከላንድክሩዘሩ ብዙ ስለማይሰፋ ሐረጎን ስወርድ ኋላዬን በጎን መስተዋቱ ማየት እችላለሁ።